መሬታችን ከወለድ አግድ እንዴት ወጣ

ከአዲስ አበባም ከዐረብ አገርም የሚደውሉልኝ የሰፈራችን ልጆች ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ገንዘብ አዋጥተናል፣ ለድሆቹ በግ ገዝተን እናከፋፍል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «ቆይ እስቲ» ብዬ ማስረዳት እጀምራለሁ። ካርድ ያልቃል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል፣ ነገሩ ሳያልቅ ይቀራል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። በደብራችሁ ወይም በመስጊዳችሁ በኩል የሰፈራችሁን ሰው ከድህነት ለማውጣት የምታስቡ ካላችሁ፣ እኛ የተንገላታንበትን አንብባችሁ ጀምሩ።

ሰፈራችን ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ፣ ደጋው ላይ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይበቅላል። እንደ ብዙው ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ተደባልቆ ይኖራል። ቅሬያችን፣ ማለትም እድራችን፣ አንድ ነው። ሰው ሲሞት አብረን እንቀብራለን፣ ሰርግ ሲሆን ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል። እኔ ሙስሊም ነኝ። ከጎረቤቶቼ ግማሹ ክርስቲያን ነው።

በ2003 ዓ.ም. በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሄድኩ። ለደላላው የተከፈለው 12 ሺህ ብር የተገኘው ከአባቴ መሬት ነው። መሬቱ ወለድ አግድ ተያዘ። ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። ገንዘቡን ያበደረው ሰው ብሩ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን ይዞ ምርቱን ይበላል። የበላው ምርት ከእዳው ላይ አይቀነስም። አስር ዓመት ቢያርሰውም እዳው ያው 12 ሺህ ነው። ብሩን አንድ ላይ ቆጥረህ ካልሰጠኸው መሬትህን አታገኝም። ድሃ ሰው ደግሞ 12 ሺህ ብር አንድ ላይ ከየት ያመጣል? መሬቱ በእጁ የለም።

በ2006 ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ስታስወጣ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እኔም ከነሱ ጋር ተጭኜ መጣሁ። የላክሁት ብር በእናቴ ሕክምናና በእህል መግዣ አልቋል። ሰፈር ስደርስ አባቴ የገዛ መሬቱን ለአበዳሪው በእኩል እያረሰ አገኘሁት። የራሱን ማሳ አርሶ፣ የራሱን ዘር ዘርቶ፣ ግማሹን ለሰውዬው ይሰፍራል። ያን ዓመት ከአልጋ መነሳት እንኳ ያስጠላኝ ነበር። ተመላሽ ሲባል ሰው ሻንጣህን ነው የሚያየው። ሻንጣዬ ውስጥ ደግሞ ልብስ ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ የእምነት ተቋም የልማት ድርጅት ለሰፈራችን በግ አከፋፈለ። ለያንዳንዱ ድሃ ቤት ሁለት ሴት በግ። ሰዎቹ ቅን ነበሩ፣ ይህን ልመስክር። ግን በጎቹ ከቆላ የተገዙ ናቸው። የእኛን ውርጭ አልቻሉትም። የመጡትም ክረምት ሲገባ ነው፣ መኖ ባለቀበት ሰዓት። የተረፉትን ደግሞ ሰው ሸጠ። ለምን አይሸጥ? በክረምት ልጅ ሲርበው ጎተራው ባዶ ከሆነ በጓ ናት ያለችው። ዕጣው ሲወጣም ኮሚቴው ዘመዶቹን አስቀደመ እየተባለ ብዙ ተወራ። እውነት ይሁን ውሸት አላህ ያውቃል፣ ብቻ ጎረቤት ከጎረቤት ተኮራረፈ። ዓመት ሳይሞላ የቀረው የፕሮጀክቱ ታፔላ ነው። እሱም ዛሬ ቀለሙ ለቆ የልጆች ኳስ ጎል ሆኗል።

ቀጥሎ የመጣችው ሴት ምንም ሳትይዝ ነው የመጣችው። የሌላ የእምነት ድርጅት ሠራተኛ ናት። ሰው ተሰበሰበ፣ ቤቱ ሞላ። «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ተባለች። «ምንም። እናንተ በሳምንት አምስት አምስት ብር ታወጣላችሁ፣ እኔ አያያዙን አሳያችኋለሁ» አለች። ግማሹ ሰው ነጠላውን አራግፎ ወጣ። አንዱ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆም ብለው «የሌለንን ልትሰበስብ መጣች!» አሉና አሳቁን።

ዘዴው የራስ አገዝ ቡድን ይባላል። የመጣው ከሕንድ ነው። በአገራችን በ1990ዎቹ አጋማሽ ናዝሬት ላይ ቃለ ሕይወት ቤተክርስቲያን በጥቂት የሴቶች ቡድኖች ጀመረው፣ ከዚያ ወደየክልሉ ተዛመተ። አሠራሩ ከእቁብ ይለያል። እቁብ ላይ ብሩ ዞሮ ይበላል። እዚህ ብሩ ሳጥን ውስጥ ይቆያል፣ ለአባላት ይበደራል፣ ይመለሳል፣ ያድጋል። ከአስራ አምስት እስከ ሃያ ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ሰው ይደበቃል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ጥርጣሬ ነው። ድርጅቱ የአንድ ሃይማኖት ስለሆነ ሙስሊሞቹ «ሊያጠምቁን ነው» አልን። ክርስቲያኖቹም ቢሆኑ «የኛ ቤተክርስቲያን አይደለም፣ ምን ፈልገው ነው?» አሉ። ሴትዮዋ ብልህ ነበረች። ቄሱንና ሼሁን አንድ ላይ አስቀምጣ ደንቡን አስነበበቻቸው። ሁለቱ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ጨመሩ፦ በስብሰባው ላይ የሃይማኖት ትምህርት አይሰጥም፣ ጸሎቱ ግን አይቀርም። አንድ ሳምንት አባታችን ሆይ፣ አንድ ሳምንት ዱዓ። ከዚያ ዓርብ ሼሁ በኹጥባው፣ እሁድ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ቡድኑ ተናገሩ። በሳምንቱ አስራ ስምንት ሴቶች ሆንን። ሁላችንም ድሆች ነን። ሀብታም አልገባም፣ ሆን ብለን ነው። ሀብታም ያለበት ቡድን ውስጥ ድሃ አፉን አይከፍትም። ስምንተኛ ክፍል ስለደረስኩ ጸሐፊ አደረጉኝ።

እናንተም የተለያየ እምነት ያለበት ሰፈር ከሆነ ይህን እርምጃ አትዝለሉት። የሃይማኖት አባቶቹ በኋላ ችግር ሲመጣ እንዲዳኙ ከተፈለገ ከመጀመሪያው ማወቅ አለባቸው።

ከዚያ ችግሩ መጣ፤ ያውም በቡና። በየቤቱ በተራ ነበር የምንሰበሰበው። የመጀመሪያዋ ቡና አፈላች። ሁለተኛዋ ከቡናው ጋር ቂጣ አቀረበች። ሦስተኛዋ ዳቦ ደፋች። አራተኛዋ ቤት እንደ ጽዋ ማህበር ተበላ፣ ተጠጣ። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ተራዋ ሲደርስ ቀረች። አመመኝ አለች። በሚቀጥለውም ቀረች። ሄደን ስንጠይቃት ዱቄት አልነበራትም። አምስት ብሯን ይዛ ነው ቤቷ የተቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ቤት ለቤት መዞሩን ትተን ቅሬው ድንኳንና ድስት የሚያስቀምጥበት ቤት ውስጥ እንሰበሰባለን። ውሃ ብቻ ይቀርባል። ቆሎ እንኳ ከልክለናል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ብዙ ቡድን ግን በዚህ ነው የሚፈርሰው። እኛ አገር ሰው እቤቱ ገብቶ ባዶ አፉን ሲወጣ ማየት ሞት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከባድ ነበር። ወለድ። ድርጅቱ ያመጣው ደንብ ተበዳሪ በወር የተወሰነ መቶኛ እንዲጨምር ያዛል። እኛ ሙስሊሞቹ ጨነቀን። ሪባ፣ ማለትም ወለድ፣ ሐራም ነው፣ ይህ የሚያከራክር አይደለም። ሁለት ሴቶች ብራቸውን ተቀብለው ወጡ። እኔም ልወጣ ነበር። ከወለድ አግድ ለመውጣት ወለድ ውስጥ መግባት ምን ይሉታል? ሠራተኛዋ «የአገልግሎት ክፍያ እንበለው» አለች። ሼሁ ስሙን ብንቀይረው ነገሩ አይቀየርም ብለው መለሷት። ቄሱም ቢሆኑ አልወደዱትም። «በእኛም መዝሙር 14 ላይ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር ነው በጌታ ድንኳን የሚያድረው» አሉ።

መፍትሔውን ያመጡት ሼሁ ናቸው። ለንግድ የሚወጣ ብር ብድር መሆኑ ይቅር አሉ። ቡድኑ ሽርክና ይግባ። አንዷ በግ ልታደልብ ከፈለገች መግዣው ከሳጥን ይወጣል፣ ድካሙ የሷ ነው። ሲሸጥ መግዣው ይመለሳል። ትርፉ ከአራት ሦስት እጁ ለሷ፣ አንድ እጁ ለሳጥን። በጉ ያለ እሷ ጥፋት ቢሞት ኪሳራው የሳጥኑ ነው። ለሕመም፣ ለሐዘን፣ ለልጅ ደብተር የሚወሰድ ደግሞ ያለ ምንም ጭማሪ ይመለሳል፣ ቀርድ ሐሰን ነው። ክርስቲያኖቹ ከኛ በላይ ደስ አላቸው። የወጡት ሁለቱም ተመለሱ።

ይህ አሠራር አንድ ቀዳዳ አለው። ሰው በጉን ሸጦ ሞተ ሊል ይችላል። እኛ የሞተ በግ ቆዳው ካልታየ ሞቷል አንልም። ደግሞም በግ ሲታመም በዚያው ቀን ለሁለት አባል መነገር አለበት። ትርፉም የሚሰላው ሁለት አባላት ገበያ አብረው ወርደው ዋጋውን ሲሰሙ ነው። መተማመን የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አለ። ግን ሰው ሲቸግረው ምን እንደሚያደርግ እኛው እናውቃለን።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደርሻለሁ። በእምነት የተሰባሰበ ሰው ስለ ገንዘብ መጠየቅ ያፍራል። በዱዓ የጀመረ ስብሰባ ላይ «እትዬ፣ ያንቺ ብር አልመጣም» ማለት ነውር ይመስላል። ከመካከላችን በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ሚስት ነበሩ። ለሰርግ ብለው ወሰዱ። ቀኑ አለፈ። ማንም አልጠየቃቸውም። እሳቸውም በየሳምንቱ ይመጣሉ፣ ከሁላችንም በላይ አሳምረው ይመርቁናል፣ ይሄዳሉ። ወር አለፈ። ሌላዋ ደግሞ አየቻቸውና እሷም መክፈል ተወች። ከዚያ ሌላዋ። ጸሐፊ ነኝና ደብተሩ ላይ ይታየኛል። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው እያነሰ ነው።

ዝምታውን የሰበረችው ቅድም ያልኳችሁ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንድ እሁድ ዱዓው ሊጀመር ሲል ተነሳች። «እኔ እንቁላል ሸጬ ከፍያለሁ። ያልከፈለ ሰው ሲመርቀኝ አሜን ማለት አልቻልኩም» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። የተከበሩት ሴትዮ ጥለው ወጡ። ቡድኑ ፈረሰ ብዬ አለቀስኩ።

ጉዳዩ ለአባቶች ቀረበ። ሼሁ ቁርአን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለምን እንደሆነ ጠየቁን። ማንም አላወቀም። ስለ እዳ ነው። አል በቀራህ 282። «እስከ ተወሰነ ጊዜ ድረስ በዕዳ በተዋዋላችሁ ጊዜ ጻፉት» ይላል፣ ምስክርም አቁሙ ይላል። ቄሱ ደግሞ የማቴዎስን ወንጌል አመጡ። መባ ይዘህ መሠዊያው ፊት ቆመህ ወንድምህ እንደተቀየመህ ብታስታውስ መባውን ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ይላል። ከዚህ ተነስተው አንድ ነገር አዘዙን፦ መጀመሪያ ሒሳብ፣ ከዚያ ጸሎት። እስካሁን እንደዚያ ነው የምንሠራው። ደብተሩ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል። ማን ስንት እንዳስገባ፣ ማን ስንት እንዳለበት፣ ቀኑ መቼ እንደሆነ። ያልከፈለች ምክንያቷን ትናገራለች፣ ቀን ይጨመርላታል ወይም ዋሷ ይጠየቃል። ይህ ካለቀ በኋላ እንጸልያለን። የተከበሩት ሴትዮም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብሩን ሙሉውን ይዘው መጡ። ዛሬም አባል ናቸው። ለሰርግና ለተዝካር ማበደርን ግን ከዚያ ጀምሮ ከልክለናል።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ። ቄስ ወይም ሼህ ገንዘብ ያዥ አታድርጉ። እነሱ ዳኛ ይሁኑ። ገንዘብ ያዥ ያደረጋችሁትን ሰው ማዘዝና መቅጣት መቻል አለባችሁ። የንስሐ አባትህን በአምስት ብር መዘግየት ትቀጣለህ? አትቀጣም።

ሳጥናችን ሦስት ጓጉንቸር አለው። ቁልፎቹ የማይዛመዱ ሦስት ሴቶች ጋ ናቸው፣ ሳጥኑ አራተኛዋ ቤት ነው። ስብሰባው ሲያልቅ የቀረውን ብር ቆጥረን ሁላችንም በቃል እንይዘዋለን። በሚቀጥለው እሁድ ሰብሳቢዋ ድንገት አንዷን ትጠይቃለች። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም፣ ግን ቁጥሩን አይስቱም። ሰብሳቢዋ በየጊዜው ትቀያየራለች። ማንም ሰው ካስቀመጠው ሦስት እጥፍ በላይ አይወስድም። ባሎች መጀመሪያ ላይ «ሳጥኑ ውስጥ ስንት አለ?» እያሉ ያስቸግሩ ነበር። በቡድኑ ብር የተገዛው በግ ደልቦ ሲሸጥ ዝም አሉ።

በ2007 በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም አልሆነም። 2008 የድርቅ ዓመት ነበር። በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈልጓል። ሰው ሳጥኑን እንካፈል አለ። ሁለት እሁድ ሙሉ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሳጥኑ አይፈርስም፣ ለያንዳንዱ ቤት ለቀለብ ያህል ያለ ጭማሪ ይሰጥ ተባለ። በቂ አልነበረም። አንዳንዶቹ ሴፍቲኔት ሥራ ላይ ዋሉ፣ እኛም ደረቅ እንጀራ በልተናል። ግን ከቡድናችን አንድም ቤት በሬ አልሸጠም። ገጠር የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። በሬ የሸጠ ሰው ዝናብ ሲመጣ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፣ ከዚያ ወዲያ ለማንሰራራት ዓመታት ይፈጅበታል።

ከድርቁ የተማርነው እህል መግዛትን ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሁሉም ሰው ለግብርና ለእዳ ሲሸጥ እህል ርካሽ ነው። ያው ገብስ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እሳት ይሆናል። ቡድኑ በምርት ሰዓት ገዝቶ ያስቀምጣል፣ በክረምት ለአባላት ከገበያ ዝቅ አድርጎ ይሸጣል። ነቀዝ ፈጀን መጀመሪያ። አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ካገኘን ወዲህ ያለ መድኃኒት ይቀመጣል። ከረጢቱን በደንብ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ በአይጥ ከተበሳ ግን ዋጋ የለውም።

በግ ማድለቡ ላይ ያየነውን ልንገራችሁ። ወንድ፣ የከሳ ግን ጤነኛ በግ ገዝተን የትል መድኃኒት እናጠጣዋለን። መኖው የባቄላ ገለባ፣ ፉርሽካ፣ ሲገኝም ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ቅሪት) ነው። ሦስት ወር ያህል ይበቃዋል። የእኛ ሰፈር ዕድል ሁለት ዓይነት በዓል መኖሩ ነው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለኢድ፣ ለአረፋ ይሸጣል። አረፋ ግን በየዓመቱ ወደ አስራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚውል ቀኑን ቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። በ2009 አረፋ መስከረም 2 ዋለ፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት። ድርብ ገበያ ነው ብለን ሁላችንም በጎቻችንን ለአንድ ቀን አደረስን። የአካባቢው ሰው ሁሉም እንደኛ አስቦ ኖሯል። ገበያው በበግ ተጥለቀለቀ፣ ደላሎቹ እንደፈለጉ ተጫወቱብን። ከዚያ ወዲህ ተከፋፍለን ነው የምናደልበው። ከፊሎቹ ለበዓል፣ ሌሎቹ በዓል ለሌለበት ወር። አንዳንዶችም በግ ትተው ወደ እንቁላልና ሽንኩርት ሄዱ። አንድ ቡድን ሙሉ ያው ሥራ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

መሬታችን የወጣው በ2010 ነው። ከበግ ያጠራቀምኩት ላይ ከሳጥን ጨመርኩበት። አበዳሪው መጀመሪያ እምቢ አለ። «ብር ዋጋ አጥቷል፣ ጨምሩ» አለ። እውነቱን ነው፣ ዋጋ አጥቷል። ግን ስምንት ምርት ያህል በልቷል። ሼሁ፣ ቄሱና የቅሬው ሽማግሌዎች ቤቱ ድረስ ሄዱ። እኔ አልነበርኩም፣ ምን እንዳሉት አላውቅም። በሦስተኛው ቀን እሺ አለ። መሬታችሁ ወለድ አግድ የተያዘ ካላችሁ ልብ በሉ። ክፍያውን አዝመራ ተሰብስቦ እርሻ ሳይጀመር አድርጉት፣ ካለዚያ «ዘርቻለሁ» ብሎ አንድ ዓመት ይጨምራል። በምስክር ፊት ቁጠሩ። የተቀበለበትን ያስፈርሙት። የይዞታ ደብተሩ እሱ ጋ ከነበረ ከብሩ ጋር እኩል ይመለስ፣ ነገ እሰጣችኋለሁ የሚባል ነገር የለም። አባቴ በዚያ ዓመት ገብስ ዘራ። እህሉ ሲወቃ አንድ ጣሳ እንኳ ለማንም አልሰፈረም።

በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ያስቀመጥነው እህል ሄደ። በጎቹም ሄዱ። ደብተሩ ያለበት ቤት ተበርብሮ ወረቀት ሁሉ ተበትኗል። ሰው ሲመለስ የቀረን በቃል የያዝነው ቁጥር ነው። ተቀምጠን እያንዳንዷ የራሷንም የጎረቤቷንም ተናገረች፣ አዲስ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሁለት ሴቶች ብቻ በ200 ብር ተለያዩ። አንዷ ልማል አለች። ሼሁ «ልጄ፣ ለሁለት መቶ ብር አትማዪ» ብለው ልዩነቱን ለሁለት ከፈሉት። እንደገና የጀመርነው በትንሽ ነው። ብዙ ወር ብድር አልነበረም።

አሁን የሳምንት መዋጮው ሃያ ብር ሆኗል። ኑሮው ግን ከዚያ በላይ ሮጧል። በተለይ በ2016 ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ብር ሳጥን ውስጥ ማስተኛት ሞኝነት መሆኑ ገባን። ለድንገተኛ የሚሆን ትንሽ እንተዋለን፣ ሌላው በእህልና በእንስሳት ላይ ነው ያለው። ከወለድ ነፃ አገልግሎት ያለው ባንክ ውስጥ የቡድን ሒሳብ ለመክፈት ተነጋግረናል። ከፊሎቻችን እንፈልጋለን፣ ሌሎቹ ደሴ ድረስ ለትራንስፖርት የሚወጣው ያማቸዋል። ገና አልተስማማንም።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ደዋዮቹ ልመለስ። ብር አትላኩልን ማለቴ አይደለም። ሳጥን ውስጥ ግን አታስገቡት። የውጭ ብር የገባ ቀን ሰው መክፈል ያቆማል፣ «የነሱ ነው» ይላል። በሌላ ሰፈር አይተነዋል። ብሩን ለሌላ ነገር አውሉት። አንዲት ጎበዝ ልጅ አሠልጥናችሁ ሁለት ዓመት ደሞዝ ክፈሏት፣ ከሰፈር ሰፈር እየዞረች ቡድን ታቋቁም። እኛን ያቆመን ያቺ ባዶ እጇን የመጣችው ሴት ደሞዝ ነው። ወይም የእንስሳት መድኃኒት ሰፈር ድረስ እንዲደርስ አድርጉ። ወይም ከረጢት በብዛት ገዝታችሁ በዋጋው ሽጡልን። በነፃ አትስጡ፣ በነፃ የተሰጠ ከረጢት ጭድ መያዣ ይሆናል።

ለመጀመር ቸኩላችሁም ደንቡን ከሌላ አትገልብጡ። የኛንም ቢሆን። መጀመሪያ ሁለት ወር ያህል ቆጥቡ ብቻ፣ ሳታበድሩ። በዚያ ጊዜ ማን ሰዓት እንደሚያከብር፣ ማን ምክንያት እንደሚያበዛ ይታያል። ደንቡን ከዚያ በኋላ ጻፉት።

በዚህ ዓመት ባሎቻችንም የራሳቸውን ቡድን ጀምረዋል። ጸሐፊያቸው የኔ ታናሽ ወንድም ነው። እስካሁን የተጣሉት በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በስብሰባ ሰዓትና ከስብሰባ በኋላ ጠላ ይቅረብ አይቅረብ በሚለው። ሙስሊሞቹ አይቅረብ ባይ ናቸው፣ ክርስቲያኖቹ ለሁለት ተከፍለዋል። ደንባችንን ልናውሳቸው ብንልም ራሳችን እንጽፋለን ብለዋል።